የሌሊቱ ወዳጃና የቀኑ አዋጅ

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አጎት ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ የመካነ ሰላም ሰው ናቸው። የእህታቸው ልጅ አዲስ አበባ ትማራለች፤ መውሊድ ሲቃረብ በደሴ፣ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጋ አገሯ ገብታለች። ሁለቱም ሙስሊሞች ናቸው፤ በመውሊድ ነገር ግን አይስማሙም።

ልጅ፦ አጎቴ፣ ቅር እንዳይልዎ እንጂ እኔ የመጣሁት እናቴን ለማየት ነው። መውሊዱን ለማክበር አይደለም።

አጎት፦ እንኳን በሰላም ገባሽ። በዚህ ጊዜ መንገዱ ተከፍቶ መድረስሽ ራሱ አልሐምዱሊላህ ነው። ግን ምነው? ለመውሊድ አዲስ ልብስ ካልተገዛልኝ ብለሽ ታለቅሺ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?

ልጅ፦ ያኔ ልጅ ነበርኩ። አሁን ቂርአት ተቀምጬ ደሊሉን ሰማሁ። ነቢያችን የተወለዱበትን ቀን በዓል አላደረጉትም፤ ሶሓባዎቹም አላደረጉትም። ሌሊት ቡና እየተጠጣ በኅብረት ዱዓ የሚደረግበት ወዳጃው፣ ድቤው፣ ጫቱ፣ አውሊያ ቀብር ሄዶ መለማመኑ ከዲኑ የለበትም። እናቴንም ባስተዋት ደስ ይለኛል።

አጎት፦ አለማክበርሽን ተቀብያለሁ። የምንጣላው ማስተዉ ላይ ነው። እኔ ዓሊም አይደለሁም፣ ፈትዋ አልሰጥም። የመውሊድን ነገር ዑለማዎቹ ብዙ መቶ ዓመት ተከራክረውበታል፤ ገናም ይከራከሩበታል። የኔ ሙያ ታሪክ ነው። እናትሽን “ተዪው” ለማለት ይህን ደጅ የመታሽው የመጀመሪያዋ አንቺ አይደለሽም። የፊተኛው ንጉሥ ነበር።

ልጅ፦ ቦሩ ሜዳን ነው የሚሉት?

አጎት፦ እሱን ነው። በግንቦት 1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ፤ የሸዋው ምኒልክም ነበሩ። ጉባኤው የተጠራው በተዋሕዶው ቤት ውስጥ የነበረውን የሦስት ልደት ክርክር ለመቁረጥ ነው። እሱ ተቆረጠ። ቀጥሎ አዋጁ እኛ ላይ ወረደ። ሹም የሆነ ሙስሊም ወይ ይጠመቅ፣ ወይ ሹመቱን ይልቀቅ ተባለ። ለተራው ሰው ሦስት ዓመት ተሰጠው። ከወሎ ገዢዎች ሙሐመድ አሊና አመዴ ሊበን ተጠመቁ፤ አንዱን ንጉሠ ነገሥቱ፣ ሌላውን ምኒልክ ክርስትና አነሷቸው። ሙሐመድ አሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት፣ የልጅ ኢያሱ አባት እሳቸው ናቸው። ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራና ለካህናት አሥራት እንዲከፍል ታዘዘ።

ልጅ፦ አልጠመቅም ያለውስ?

አጎት፦ የተሰደደ አለ፤ ወደ አርሲ፣ ወደ ጉራጌ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ መተማ። የተዋጋም አለ፤ ሼህ ጠልሓ ቢን ጃዕፈር ደረሶቻቸውንና ገበሬውን አስከትለው ለዓመታት ተዋግተዋል። ብዙው ግን እዚሁ ቀረ። በዚያን ዘመን አገራችን የነበሩት፣ ማሳያ የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ከትበውታል፤ ሰዉ ከጥምቀቱ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሼሆቹ እየሄደ ጥምቀቱን ያስሽር ነበር። ቀን በክርስትና ስሙ ይጠራል፣ ሌሊት በእናቱ ቤት ይሰግዳል። የአገራችንን ሰው ስም ተመልከቺ። አያት ገብረ ሥላሴ፣ አባት አሊ፣ ልጅ ይመር የሚል ቤት ዛሬም ታገኛለሽ። ሁሉም ከዚያ አዋጅ የመጣ ነው አልልሽም፤ በትዳርና በፍቅር የተቀላቀለውም ብዙ ነው። ግን የዚያም ፈለግ አለበት።

ልጅ፦ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

አጎት፦ እንዲፈላ አይደለም የነገርኩሽ። ይህን የሚናገር ሰው ሌላውንም መናገር አለበት። በጥንቱ የአምሐራ ምድር፣ በዚሁ በኛ በኩል፣ አትሮንስ ማርያም የምትባል ቤተ ክርስቲያን ነበረች። አፄ በእደ ማርያም የአባቶቻቸውን ዐፅም ሰብስበው ያሳረፉባት ናት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር አቃጠላት። መካነ ሥላሴ የምትባለውንም ቤተ ክርስቲያን እንደዚሁ። ይህን የጻፈው ጠላት አይደለም፤ ከኢማሙ ጋር የዘመተው ሺሃብ አድ-ዲን ነው፣ ያውም በኩራት። የክርስቲያኑ ጎረቤታችን አያቶች ያነቡት የነበረው መጽሐፍ እሳት በልቶታል። ቦሩ ሜዳን እየጠራሽ አትሮንስ ማርያምን ከዘለልሽ ታሪክ አላወራሽም፤ ወገንሽን ብቻ ነው ያወራሽው።

ልጅ፦ እሺ፣ ገባኝ። ወደ ነገሬ ልመልስዎ። ወዳጃው የመጣው መስጊድ በተከለከለበት ዘመን ነው ሊሉኝ ከሆነ፣ ዛሬ መስጊዱ ክፍት ነው። አዛኑም መንገድ ድረስ ይሰማል። ታዲያ የችግር ጊዜን ነገር ለምን ይዘን እንቀጥላለን?

አጎት፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው እንዲህ አጥርቶ አይጠይቅም። መጀመሪያ፣ ወዳጃ በዚያ ዘመን መጣ አላልኩም፤ ከዚያ በፊትም ነበር። ያ ዘመን ያሳየን ለምን እንደጠቀመ ነው። ወዳጃ ሚናራ የለውም፣ ደወል የለውም፣ አዛን አይጠራም። ሹሙ በሌሊት ቢያልፍ የሚሰማው ቡና የሚጠጡ ሰዎችን ድምፅ ነው። ግን ጥቅሙ መደበቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዋጁ ሲነሣ አብሮ በጠፋ ነበር። አልጠፋም። ለምን ይመስልሻል?

ልጅ፦ ስለለመድነው።

አጎት፦ እናትሽ ስላለችበት ነው። መስጊድ ስትሄጂ የሴቶች ቦታ የት ነው? አላማርርም፤ የት እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ። ወዳጃ ላይ ግን መራቂዋ እሷ ናት። ባለፈው ሐሙስ እዚህ ቤት የነበረውን ልንገርሽ። ከኢሻ በኋላ ነው። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሰዉ ዙሪያውን ተቀምጧል። አቦል ሲወርድ የመጀመሪያው ስኒ ለእናትሽ ጀባ ተባለላት። መዳፏን ዘርግታ ጀመረች። አስቀድማ ለአገር ሰላም፣ ለዝናብ፣ ለከብት እየለመነች፣ ቤቱም “አሚን” እያለ፤ ከዚያ ለየሰዉ። ሳዑዲ ሄዳ ስልኳ የጠፋ አንዲት ልጅ አለች። ስሟ ሦስት ጊዜ ተጠራ፤ ሦስት ጊዜም አሚን ተባለ። ስሟ እንዲጠራላት የለመነችው እናቷ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ክርስቲያን ናት። ከእናትሽ አጠገብ ተቀምጣ ስታለቅስ ድቤው ቆመላት፤ እስኪበቃት ተጠብቆ እንደገና ተመታ። ይህን መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም አይሠሩትም፤ ሥራቸውም አይደለም። ይህ የወዳጃ ሥራ ነው።

ልጅ፦ ይህን አላውቅም ነበር። እማማ በስልክ አልነገረችኝም።

አጎት፦ በወዳጃ የተጠራ ስም በስልክ አይወራም።

ልጅ፦ እሺ፣ የታሪኩን መጨረሻ ይንገሩኝ። ከዮሐንስ በኋላ ነፃነቱ መቼ ተመለሰ?

አጎት፦ በአንድ ቀን አልተመለሰም። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 መተማ ላይ ሲወድቁ አዋጁም ኃይሉን አጣ፤ ምኒልክ ሰዉን በእምነቱ ተዉት። ሼህ ጠልሓም ታረቁ። ልጅ ኢያሱ ደግሞ ሙስሊሙን ሲያቀርቡ በመስከረም 1909 ከሥልጣን ወረዱ፤ ከክሶቹ አንዱ ሰለሙ የሚል ነበር። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ሄደው ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ወሎ ለረጅም ጊዜ አንገቱን ደፋ። በጃንሆይ ዘመን ማንም ገብቶ ስግደትሽን አያስቆምሽም ነበር። በ1961 ዓ.ም. ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሼህ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅ የተረጎሙት ቁርኣን በአማርኛ ታትሟል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን በዓላችን በመንግሥት የቀን መቁጠሪያ ላይ አልነበረም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ፈተና በአረፋ ቀን ይውል ነበር። ወይ ከአባትሽ ጋር ትሰግጃለሽ፣ ወይ ትፈተኛለሽ። በጽሑፍም የምንጠራው “በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች” ተብለን ነበር፤ ከሌላ አገር መጥተን ቤት እንደተከራየን ሰዎች።

ልጅ፦ ሚያዝያ 12 የሚባለው ሰልፍ የዚያ መልስ ነው አይደል?

አጎት፦ አዎን፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966። አዲስ አበባ ላይ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ወጣ፤ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰለፉ። ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መንግሥት 13 ጥያቄዎች ቀረቡ። በዓላችን የሕዝብ በዓል ይሁን፣ መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ፣ የራሳችን ምክር ቤት ይኑረን፣ መሬት የመያዝና በመንግሥት ሥራ የመሾም መብታችን ይከበር፣ “የኢትዮጵያ ሙስሊሞች” እንባል። እኔ እዚህ ነበርኩ፤ የሰማሁት ከራዲዮና ከአዲስ አበባ ከመጡ ነጋዴዎች ነው። አባቴ ወሬውን ሲሰማ ያለውን አልረሳም፤ “ጮክ ብለው ነው የጠየቁት?” አለ። ጥያቄዎቹን አይደለም የጠየቀው። ድምፁን ነው።

ልጅ፦ ከዚያ ደርግ መጣ።

አጎት፦ በ1967 ዓ.ም. ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ለኛ በዓል መጀመሪያ ትምህርት ቤት የተዘጋ ዕለት ክርስቲያን ጓደኞቼ ከኛ በላይ ደስ ብሏቸው ነበር፤ እስከ ማታ እኛ ቤት ዋሉ። አባቴ ነጭ ልብሱን ለብሶ በገበያው መካከል ሄደ። የሚወስደው አጭር መንገድ ነበረ፤ በገበያው ዞረ። ደርግ ራሱ ኋላ ሃይማኖት ሁሉ ላይ ያጠብቅ ገባ፤ ሐጅ መሄድም መከራ ሆነ። ያን ያህል አላወራውም፤ ታውቂዋለሽ። ግን ያን በዓል ማንም መልሶ ከመቁጠሪያው አልፋቀውም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ፣ አንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ደነገገ። በ2012 ዓ.ም. የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ከሰልፉ እስከዚያ ስንት ዓመት እንደሆነ ቁጠሪው።

ልጅ፦ አርባ ስድስት።

አጎት፦ አርባ ስድስት ዓመት፣ አንድ ጥያቄ በወረቀት እስኪመለስ።

ልጅ፦ አንድ ግራ የሚገባኝ ነገር አለ። ስለ አናሳ ነው የምናወራው? በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ደቡብ ወሎ ውስጥ ከመቶ 71 ገደማ ሙስሊም ነው። እኛ እዚህ ብዙኃኑ ነን።

አጎት፦ በዚያው ቆጠራ በአማራ ክልል ስንት ነው?

ልጅ፦ ከመቶ 17 ገደማ።

አጎት፦ አየሽ፣ ለዚህ ነው ነገሩ የሚያስቸግረው። ከደሴ እስከ መካነ ሰላም ባለው ደጋ ብዙ ነሽ፤ አባይን ተሻግረሽ ጎጃም ስትገቢ ጥቂት ነሽ። የትም ብዙ ሁኚ፣ በዓልሽ በሌላው ፈቃድ የሚከበር ከሆነ አናሳ ነሽ። እዚህም ውስጥ ቢሆን ክርስቲያኑ ጎረቤታችን በአንዳንድ ቀበሌ ጥቂት ነው። ለጥምቀት ታቦቱን ሲያወጣ መንገዱን የምናጸዳለት እኛ ነን፤ ማጽዳትም አለብን። ስለ ነፃነት ስታወሪ ጥቂት የሆነው ማን ነው ብለሽ በየመንደሩ ጠይቂ።

ልጅ፦ ሞጣስ? ከዚህ ሩቅ አይደለም።

አጎት፦ ሞጣ ከአባይ ማዶ ነው። በታኅሣሥ 2012 መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተቃጠሉ። ያን ሰሞን እዚህ ብዙ ሽማግሌ እንቅልፍ አልተኛም፤ የኛ ልጆች ምን ያደርጉ ይሆን ብለን። ያደረጉት ነገር አላሳፈረንም። በመላ አገሪቱም ለመስጊዶቹ ማሠሪያ ከክርስቲያኑ ጭምር ገንዘብ ተዋጣ። ያ ግን ቃጠሎውን አላጠፋውም። ሕግ በዓልሽን ሊሰጥሽ ይችላል፤ ጎረቤትሽ ካልፈለገሽ በዓሉን በፍርሃት ነው የምታከብሪው። ከ2015 ወዲህ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ለዝየራ የሚሄድ ሰው ከመንገድ ይመለሳል። ስንት አዛውንት አሉ፣ በየዓመቱ ሲሄዱበት ከኖሩት መውሊድ ቀርተው የሞቱ።

ልጅ፦ ጀማ ንጉሥ የሚሄዱትን ነው?

አጎት፦ ጀማ ንጉሥ፣ ዳና፣ ጌታ፣ ሾንኬ። የወሎ ትምህርት ቤቶች እነዚህ ናቸው። ጀማ ንጉሥን ያቋቋሙት ሰይድ ሙሐመድ ሻፊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተወለዱ ሰው ናቸው፤ መውሊድን በወሎ ካስፋፉት ዋነኛው። አንቺ ቂርአት የተቀመጥሽበትን ኪታብ ወደ ደጋው ያመጡት የነዚህ ቦታዎች ሼሆች ናቸው። አላህ ይማራቸውና ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ ስለነዚህ ሰዎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ጽፈዋል፤ የአገራችንን ዑለማ ለዓለም ያሳወቁት እሳቸው ናቸው። እኔ የሚከነክነኝ፣ እናትሽ ስማቸውን በመንዙማ ታውቀዋለች፣ ፈረንጁ በመጽሐፍ ያውቀዋል፣ በመካከል ያለሽው አንቺ ነሽ የማታውቂው።

ልጅ፦ አሁን እኮ መንዙማ በየቴሌቪዥኑ አለ። በመድረክም ይቀርባል።

አጎት፦ አለ፤ ደስ ይለኛል። አባቴ ይህን ቢያይ አያምንም ነበር። ግን መድረኩ አምስት ደቂቃ ይሰጥሻል፣ ከዚያ ጭብጨባ ነው። መንዙማ ላይ አይጨበጨብም ማለቴ አይደለም፤ ድቤውም እጁም አብሮ ይመታል። የጎደለው “አሚን” የሚለው ሰው ነው። ተመልካች አሚን አይልም። ባህል ቢሮ ለበዓል ቀን ልብስ አልብሶ ካወጣን፣ ሲያበቃም ወደ ቤታችሁ ካለን፣ እሱ ለጎብኚ ነው የጠቀመው። የኛ የሆነው ሌሊቱን ሙሉ የሚቆየው ነው።

ልጅ፦ እኔ ደግሞ የምፈራውን ልናገር። ሁሉንም “ባህል” ካልነው ዲኑ ይቀራል። ወጣቱ ጫትና ዘፈን ብቻ ይዞ ሙስሊም ነኝ ይላል። ጓደኞቼ መውሊድን የሚቃወሙት ሰው ጠልተው አይደለም፤ ሶላት የማይሰግድ ሰው ለመንዙማ ሲነቃ አይተው ነው።

አጎት፦ ይህ እውነት ነው፤ ሼሆቹም ይህንኑ ይቆጣሉ። ጀማ ንጉሥም ዳናም መጀመሪያ ሶላትና ፊቅህ ነው ያስተማሩት። እንዲህ ብለሽ የምትመክሪ ከሆነ እኔ አብሬሽ አለሁ። እናትሽ ፊት ቆመሽ “ይህ ሽርክ ነው” የምትዪ ከሆነ ግን ሌላ ነው። አንቺ ዛሬ መውሊድን ላለማክበር ማንንም አትፈሪም። ያን መብት ከየት አገኘሽው? ሚያዝያ 12 የተሰለፉት ሰዎች አመጡልሽ፣ ከነሱም ብዙዎቹ መውሊድ የሚያከብሩ ነበሩ። እምነትሽን ማንም አያስገድድሽም የሚለው ቃል እናትሽንም ይጨምራል። ንጉሥ ሊያስተዋት ያልቻለውን ልጇ ብታስተዋት፣ በወረቀት ላይ ነፃነት ይኑረን እንጂ በቤታችን ቦሩ ሜዳ ገባ ማለት ነው።

ልጅ፦ ይህን ያህል አይበሉ፣ አጎቴ።

አጎት፦ አብዝቼው ይሆናል። ግን አልመልሰውም።

ልጅ፦ እኔ ሐሳቤን አልቀየርኩም። መውሊድ ዒባዳ ነው ብዬ አላምንም።

አጎት፦ አትቀይሪው። የምትቀይሪውማ ከሆነ በዑለማ ደሊል ይሁን፣ በኔ ወሬ አይሁን።

ልጅ፦ አንድ ነገር ግን ማድረግ እችላለሁ። ዐረብኛ ፊደል አነባለሁ። እማማ ስለ አንድ የመንዙማ ኪታብ ነግራኛለች፣ አማርኛው በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ።

አጎት፦ ከላላ አንድ ቤት አለ። የባለቤቱ አባት ደረሳ ነበሩ። ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፤ ዳሩን አይጥ በልቶታል፣ መካከሉ ደህና ነው። ሰውዬው ራሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ልጆቻቸውም አይችሉም። እንዲህ ያለ ኪታብ በየቤቱ ስንት እንደሆነ አላህ ነው የሚያውቀው። ሼህ ጠልሓም በዚህ መልክ ነው መንዙማቸውን የጻፉት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጥቂት ሰብስቧል፤ የቀረው እንዲህ ሣጥን ውስጥ ነው።

ልጅ፦ በስልክ ፎቶ አንስቼ አንድ በአንድ ወደ ግዕዝ ፊደል ልገለብጠው እችላለሁ። የእማማንና የጓደኞቿን ድምፅም ልቅዳ?

አጎት፦ ኪታቡን ባለቤቱ ከፈቀዱ አንሺ፤ ካልፈቀዱ አንብቢላቸው ብቻ፣ እሱም ይበቃል። የሴቶቹን ግን ራሳቸውን ጠይቂ። በወዳጃ የሚባል፣ ግን ከዚያ ቤት እንዳይወጣ የሚፈልጉት ነገር አለ። የሰው ልጅ በሽታ፣ የትዳር ጠብ፣ የጠፋ ልጅ ስም። “ስልኩን ዝጊው” ካሉሽ ትዘጊዋለሽ። ምክንያት አትጠይቂያቸውም።

ልጅ፦ እሺ። ከመቼ እንጀምር?

አጎት፦ መውሊዱ ይለፍ፤ አሁን ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው። ከዚያ መጀመሪያ እናትሽን እንጠይቃለን። ከላላ ደግሞ መንገዱ ሰላም ከሆነ በማግሥቱ እንወርዳለን፤ ለሰውየው አስቀድሜ መልእክት እልካለሁ፣ ድንገት ሣጥን ክፈቱ አይባልም።